አንዴ «ደኅና ነው» የተባለ ጆሮ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምናነሣው ሕፃናት በማኅፀን ሳሉ በሚይዛቸው ቫይረስ የተነሣ ስለሚደርስባቸው የመስማት ችግር ነው። ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። አማትና ምራት ናቸው፤ ልጁ 11 ወሩ ነው።

(የዕቃ ድምፅ፤ ሕፃን ብቻውን ሲጫወት)

አማት፦ ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?

ምራት፦ ይኼ ልጅ አሳስቦኝ ነው እማዬ። ቅድም ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ስሙን ደጋግሜ ጠራሁት፤ ዞርም አላለ።

አማት፦ ጨዋታ ይዞት ነዋ!

ምራት፦ የድስቱ ክዳን ከእጄ አምልጦ ሲንኳኳስ? ድመቷ እንኳ ደንግጣ ወጣች። እሱ ቀና አላለም።

አማት፦ ስትወልጂው በመሣሪያ አይተው ጆሮው ደኅና ነው ብለውሽ የለም እንዴ?

ምራት፦ ብለውኝ ነበር።

አማት፦ እንግዲያውስ! ድምፁንም ያወጣል፤ «እ እ» ሲል እየሰማሁት። አባቱም ቢሆን ሁለት ዓመት ሞልቶት ነው አፉን የፈታው። ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር፤ በከንቱ አትጨነቂ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አማትየዋ ምራታቸውን ለማጽናናት የጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች በየቤቱ የሚባሉ ናቸው። ሲወለድ ተመርምሮ ደኅና ተብሏል፤ ድምፅ ያወጣል፤ ወንድ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል። ከሦስቱ አንዱም ግን ይህ ልጅ ዛሬ ለመስማቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ምክንያቱን አንድ በአንድ እናያለን፤ በመጀመሪያ ግን ከቫይረሱ ጋር እንተዋወቅ።

ቫይረሱ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይባላል፤ ሲያጥር ሲኤምቪ። የሄርፒስ ቫይረሶች ዘመድ ነው። ስሙን ሰምተን የማናውቅ ብዙ ነን፤ እሱ ራሱ ግን በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ አለ። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ገና በልጅነቱ ይያዛል። ጤነኛ ሰው ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ምንም አይታወቀውም፤ ከታወቀውም እንደ ጉንፋን ትኩሳትና ድካም አድርጎት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። አድፍጦ ይኖራል፤ አልፎ አልፎም ይቀሰቀሳል።

አደጋ የሚሆነው እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ቫይረሱ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ከያዘ ነው። አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በእርግዝናዋ ወቅት ከሆነ፣ ከሦስት አንድ በሚሆን አጋጣሚ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ቀድሞ ይዟት የነበረ ከሆነ የመተላለፉ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የቆየው ቫይረስ ሊቀሰቀስ፣ ወይም ሌላ ዓይነት ሲኤምቪ በላዩ ሊጨመር ይችላል። ሁሉም ሰው ቀድሞ በተያዘበት አገር፣ ቫይረሱን ይዘው ከሚወለዱት ሕፃናት አብዛኞቹ ከእንዲህ ዓይነት እናቶች የተወለዱ ናቸው። በበለጸጉት አገሮች ከ200 አራስ ሕፃናት አንዱ ገደማ ሲኤምቪን ይዞ ይወለዳል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ከ100 ሕፃናት ከአንድ በላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ጆሮው ውስጥ እንግባ። ከውጭ የምናየው ጆሮ ድምፅ ይሰበስባል እንጂ አይሰማም። መስማቱ የሚከናወነው ኮክሊያ በሚባለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠመዘዘው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ነው። እዚያ ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ፈሳሹ ይናወጣል፤ የሴሎቹ ጫፍ ይጎነበሳል፤ መልእክቱም በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ፈሳሹ ፖታሲየሙን እንደያዘ እንዲቆይ የሚያደርግ፣ በደም ሥሮች የተሞላ ስስ ግድግዳ በጎኑ አለ። ሲኤምቪ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ይኼ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲቆስል ፈሳሹ ይዘቱን ያጣል፤ ሴሎቹም እየደከሙ ይሞታሉ። በሰው ልጅ ላይ እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ የሚሆን አይደለም። በአንዳንዱ ሕፃን ጉዳቱ በማኅፀን ሳለ ያልቃል፤ መስማት ተስኖት ይወለዳል። በሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ሕፃኑ እየሰማ ተወልዶ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ መስማቱ ይቀንሳል። በአንድ ጆሮ ጀምሮ ወደ ሁለተኛው የሚሻገርበትም ጊዜ አለ። አንድ ሰሞን ተሻሽሎ ሌላ ሰሞን የሚብስበት ልጅም ያጋጥማል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሲኤምቪን ይዘው የተወለዱ 100 ሕፃናት አሉ እንበል። 10 ያህሉ ሲወለዱ ምልክት ይታይባቸዋል፦ ክብደት ማነስ፣ የጭንቅላት ማነስ፣ የቆዳና የዓይን ቢጫ መሆን፣ ቆዳ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ነጠብጣቦች፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ። ከእነዚህ 10 ልጆች ውስጥ አራት ያህሉ የመስማት ችግር ያገኛቸዋል። የቀሩት 90 ሲወለዱ ሙሉ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ሐኪምም አይጠረጥራቸውም። ከእነሱም መካከል ግን 10 ያህሉ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡት፣ መስማታቸው ይጎዳል። ደምሩት። በዚህ ቫይረስ ሰበብ ጆሯቸው ከሚጎዳ ልጆች አብዛኞቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ምንኛ ደስ የሚል ልጅ ነው» ተብሎላቸው ከሆስፒታል የወጡት ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አማትየዋ ንግግር እንመለስ። «ሲወለድ በመሣሪያ አይተው ደኅና ነው ብለውሽ የለም?» አሉ። የአራስ ሕፃን የጆሮ ምርመራ ቀላልና ሕመም የሌለው ነው። ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛ ጫፏ ለስላሳ የሆነ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባለች፤ ስስ ድምፅ ትልክና ከውስጠኛው ጆሮ የሚመለሰውን ምላሽ ትለካለች። ሌላው ዓይነት ግንባሩና ከጆሮው ኋላ ቆዳው ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ነገሮች የነርቩንና የአንጎሉን ምላሽ ይመዘግባል። ሁለቱም የሚነግሩን ጆሮው በዚያ ቀን ምን እንደሚመስል ነው። በስድስተኛው ወር ምን እንደሚሆን የሚናገር መሣሪያ የለም። ስለዚህ ምርመራው መልካም ነው፤ ሕፃኑ ማለፉም ደስ ይላል፤ ግን ክትትሉን አያስቀርም።

«ድምፁን ያወጣል» አሉ። መስማት የተሳነው ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ «እ እ» ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሚሰማ ሕፃን የራሱንና የሌላውን ድምፅ እየሰማ «ባባባ፣ ማማማ፣ ዳዳዳ» ወደ ማለት ይሻገራል። የማይሰማው ግን እዚያው «እ እ» ላይ ይቀራል፤ አንዳንዴም እየተወው ይሄዳል።

«ወንድ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል» አሉ። ዘግይተው የሚናገሩ ጤነኛ ልጆች አሉ፤ እውነት ነው። ዘግይቶ የሚናገር ጤነኛ ልጅ ግን ይሰማል። ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው» ሲባል ይገባዋል። አፉን ስላልፈታ ብቻ የማይሰማ ልጅ የለም። በመናገር የዘገየ ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር።

በዚህ ጭውውት ውስጥ ትክክሉን የያዘችው ምራቲቱ ነበረች። የእናትን ጥርጣሬ ማክበር እንደሚገባ ከሕክምና ታሪክም እንማራለን። በ1940 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የጀርመን ኩፍኝ፣ በሌላ ስሙ ሩቤላ፣ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ሲድኒ ከተማ ይሠራ የነበረው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ሲበዙበት እናቶቻቸውን ጠየቀ። በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ ከ78 ሕፃናት የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ገለጸ። ወሬው በጋዜጣ ሲሰማ ደግሞ ሌሎች እናቶች በእርግዝና ሩቤላ ይዟቸው እንደነበርና ልጆቻቸው እንደማይሰሙ ተናገሩ። ቫይረስ በማኅፀን ያለን ልጅ ጆሮ እንደሚጎዳ መታወቅ የጀመረው እንዲህ ነው። በ1964 እና 1965 አሜሪካ ውስጥ በተነሣው የሩቤላ ወረርሽኝ 20,000 ያህል ሕፃናት ተጎድተው ተወለዱ፤ ከ11,000 በላይ የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የሩቤላ ክትባት በ1969 ሥራ ላይ ዋለ። ለሲኤምቪ ግን እስከ ዛሬ ለአገልግሎት የበቃ ክትባት የለም። ስለዚህ ቶሎ ማወቁ ላይ ነው ትልቁ ሥራ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንዴት እንከታተል? የልጃችሁ የክትባት ቀጠሮ ጥሩ አስታዋሽ ነው። ለክትባት በሄዳችሁ ቁጥር ስለ ጆሮው ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለሙያውንም አነጋግሩ።

በስድስተኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስትሄዱ፦ ልጄ በር ሲንጓጓ ይደነግጣል ወይ? ሲያለቅስ ድምፄን ሲሰማ ዝም ይላል ወይ?

በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ስትሄዱ፦ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ? ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለከታል ወይ? «ባባባ፣ ማማማ» ይላል ወይ?

በ15ኛው ወር ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስትሄዱ፦ በእጅ ሳይጠቆም «ኳሷን አምጣ» ሲባል ይረዳል ወይ? «አባ»፣ «ውሃ» የመሰሉ ጥቂት ቃላት አሉት ወይ?

ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ «ውሃ ስጭኝ»፣ «አባ መጣ» ብሎ ሁለት ቃል ማያያዝ ይጀምራል።

ሌላም ምልክት አለ። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ከመስሚያው ጎን ነው ያለው፤ ሲኤምቪ እሱንም ሊነካ ይችላል። አንገቱን ለማጽናት፣ ለመቀመጥ፣ ለመሄድ የዘገየ ልጅ ጆሮውም መታየት አለበት።

ቤት ውስጥ ስትሞክሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኋላው ቆማችሁ ስታጨበጭቡ ልጁ የሚዞረው ድምፁን ሰምቶ ላይሆን ይችላል። ጥላችሁን አይቶ፣ የእጃችሁ ነፋስ ነክቶት፣ ወይም ወለሉ ሲርገበገብ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ዓይናቸው ንቁ ነው። አንዱ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ልጅም ይዞራል። ስለዚህ የቤት ሙከራ ጥርጣሬን ሊያጠናክር ይችላል፤ «ደኅና ነው» ብሎ ለመዝጋት ግን አይበቃም። ከተጠራጠራችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን የጤና ባለሙያ አነጋግሩ፤ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም እንዲልካችሁ ጠይቁ። «ቆይ ይደግ» ቢባል እንኳ በትሕትና «አሁን ይመርመርልኝ» በሉ። የተኛ ሕፃንን መስማት የሚለካ መሣሪያ ስላለ፣ ልጁ ለምርመራ ገና ትንሽ ነው የሚባልበት ምክንያት የለም።

ቫይረሱን ራሱን መመርመርስ? እዚህ ላይ ጊዜው አጭር ነው። ምርመራው የሚሠራው ከሕፃኑ ሽንት ወይም ምራቅ ነው፤ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ከዚያ ካለፈ ሕፃኑ ቫይረሱን ከተወለደ በኋላ ከእናት ጡት ወተት ወይም ከሌላ ሰው አግኝቶት ሊሆን ስለሚችል ይዞት መወለዱን መለየት ያስቸግራል። በአገራችን እናት በአራስነቷ ቤት ነው የምትቆየው፤ ክርስትና የሚያስነሡ ቤተሰቦችም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ይጠብቃሉ። 21ዱ ቀን የሚያልፈው በዚያው በአራስ ቤት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቀደም ሲል ከዘረዘርናቸው ምልክቶች አንዱ ከታየበት፣ ወይም የጆሮ ምርመራውን ካላለፈ፣ ከጤና ተቋሙ ከመውጣታችሁ በፊት ስለ ሲኤምቪ ጠይቁ።

መድኃኒት አለው ወይ ለምትሉ፣ ቫልጋንሲክሎቪር የሚባል በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ሲወለዱ ምልክት ለታየባቸው ሕፃናት፣ በተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ ተጀምሮ ለስድስት ወር ይሰጣል። የጠፋውን መስማት አይመልስም፤ የቀረው እንዳይባባስ ግን ሊረዳ ይችላል። ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል። ምልክት ለሌለውና መስማቱ ለተስተካከለ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም፤ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚወሰድ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ አድማጮችም መልእክት አለን። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራስ ሕፃናትን ሁሉ ከተረከዛቸው በሚወሰድ የደም ጠብታ ለሲኤምቪ ትመረምራለች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ2019 ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ዩታ ደግሞ በ2013 የጆሮ ምርመራ ያላለፉ ሕፃናት ለሲኤምቪ እንዲመረመሩ በሕግ ደነገገች። ልጃችሁ ሲኤምቪ እንደተገኘበት ከተነገራችሁ ጤነኛ ቢመስልም ቀጠሮውን አትተዉ። ዋናው ጥቅሙ የጆሮ ክትትሉ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያም እየተራራቀ ትምህርት ቤት እስኪገባ ይቀጥላል። የደም ጠብታው ምርመራ ሁሉንም ስለማይይዝ፣ «የለበትም» የተባለ ልጅም ቢሆን ምልክት ካሳየ ይታይ።

(አጭር ሙዚቃ)

መስማቱ መጎዳቱ ከታወቀ በኋላስ? ዓለም አቀፍ የሙያ መመሪያዎች ሦስት ቀነ ገደብ ያስቀምጣሉ፦ በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በሦስት ወር ውስጥ ማረጋገጫ፣ በስድስት ወር ውስጥ እርዳታ መጀመር። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለቋንቋ ነው። የልጅ አንጎል ቋንቋ የሚይዝባቸው ወርቃማ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ቋንቋ ሳያገኝ ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ የሚጎዳው አነጋገሩ ብቻ ሳይሆን አስተሳሰቡና ትምህርቱም ጭምር ነው።

መስማቱ የቀነሰ ልጅ በመስሚያ መሣሪያ ሊረዳ ይችላል። ጉዳቱ ከባድ ሲሆን በቀዶ ሕክምና የሚገባ የኮክሊያ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ረጅም ሥልጠና ይፈልጋል። ማንኛውም ቤተሰብ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ምልክት ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። «ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። ምልክት የልጁን አንደበት አይዘጋም፤ ቶሎ ቋንቋ ያስይዘዋል። የሚማረው ደግሞ ልጁ ብቻ አይደለም፤ እናት፣ አባት፣ እኅት፣ ወንድም፣ አያትም ጭምር ነው። እራት ላይ የሚወራው ነገር ሁሉ የሚያልፈው ልጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

በመጨረሻ ለነፍሰ ጡር እናቶች። ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ሳያማቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያወጡታል። ስለዚህ የልጅ ሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር ከቀየራችሁ፣ አፍንጫና ለሃጭ ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁ የተረፈውን ምግብ አትጨርሱለት፤ ማንኪያና ኩባያ አትጋሩት፤ ከአፉ የወደቀውን ጡጦ በአፋችሁ አታጽዱ። ስትስሙት ከንፈሩን ትታችሁ ግንባሩን ሳሙት። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ልጅን ከማቀፍና ከማጫወት የሚከለክል ነገር የለም።

ጡት ማጥባትንም አታቋርጡ። ቫይረሱ በጡት ወተት ሊተላለፍ ቢችልም፣ ጊዜው ደርሶ የተወለደ ሕፃን በዚህ መንገድ ቢይዘው ጆሮውን አይጎዳውም። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ያላት እናት ግን ከሐኪሟ ጋር ትማከር።

ጥፋተኛ ፍለጋም አያስፈልግም። ይህ የእርግማን ወይም የቡዳ ውጤት አይደለም፤ እናትም ያላጠፋችውን ነገር ተሸክማ ልትኖር አይገባም። ሕፃናትን መስማት የሚያሳጣው ሲኤምቪ ብቻም አይደለም። ማጅራት ገትር፣ በጊዜው ያልታከመ ከባድ የአራስ ቢጫነት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በዘር የሚተላለፉ ምክንያቶችም አሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የወላጅ ድርሻ አንድ ነው፤ ቶሎ ማስመርመር፣ ከዚያም አለማቋረጥ።

ይህን ዝግጅት የሰማችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ የክትባት ካርዱን አውጡና ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ እዩ፤ በዚያን ዕለት ስለ ጆሮው የምትጠይቁትንም ከወዲሁ አስቡበት። ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)